ዘጠናው ስግደት

በደርግ ጊዜ ነው። ልደታ ማርያም አጠገብ ውይይት ታክሲ ተሳፈርኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ብቻቸውን ይስቃሉ። አጠገባቸው ያለችው ሴት አላስቻላትም።

«ምን ተገኘ አባባ?»

«ምሕረት አገኘሁ ልጄ! ጎረቤቴን በሐሰት ለቀበሌ ጠቁሜ ሁለት ወር አሳስሬው ነበር።»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! የንስሐ አባቴ መቶ ስግደት አዘዙኝ።»

«በዚህ ጉልበት?»

«እዚሁ ልደታ ደጀ ሰላም አሥር ሰግጄ ተዘረርኩ። ቀና ብል፣ ማን ቢሰግድልኝ ጥሩ ነው?»

«ባለቤትዎ?»

«ራሱ ያሳሰርኩት ሰውዬ! ዘጠናውን ጨረሰልኝ።»

«በማርያም! የታሰረውም እሱ፣ የሰገደውም እሱ?»

«‹ተው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ› ስለው፣ ‹ክርስቶስስ ምን አጥፍቶ ተሰቀለ? ዝም ብለህ ተቀበል› አለኝ።»

«አሁን ወዴት ነዎት ታዲያ?»

«እሱ ቤት፣ ምሳ ጠርቶኝ።»

«ባዶ እጅዎን?»

«‹አንዳች ነገር ይዘህ ብትመጣ አላስገባህም› ብሎኛል፤ ምን ላድርግ!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እኔም ልጄን ያሳሰረችብኝን ጎረቤቴን አስቤ «ይሄማ ፍርድ አይደለም» ልል አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ፤ በነጠላዬ አፈንኩት።