ክዳኑን ያልነኩበት እሑድ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቶሎ» እያለ የሚጠራቸው፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱት በሰባት ወራቸው ነበር፤ እናታቸውም ይህ ልጅ ዘጠኙን ወር እንኳ መታገሥ አቃተው እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ይስቁባቸው ነበር።

ደወል ሳይደወል ደብተር ከሚያጥፉት ወገን ሆነው ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ በሊፍት ጥገና ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግለዋል። እዚያ ችኮላቸው በረከት ሆነ፤ በሁለት ፎቅ መካከል የተቆለፈበት ሰው ቀስ ብሎ የሚመጣ ባለሙያ አይወድምና፣ የመፍቻ ሣጥናቸውን ታቅፈው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ሲወጡ ኮቴያቸውን የሰማ ሁሉ ጩኸቱን ይተው ነበር።

ባለቤታቸውንም ያገኟቸው ከቆመ የሆስፒታል ሊፍት አውጥተዋቸው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለጋብቻ ሊጠይቁ ወደ ልጅቷ ቤት ሲሄዱ፣ በዚያው ሆስፒታል ወጥ ቤት የሚሠሩት አማታቸው ዶሮ በሽንኩርትና በካሮት ቀቅለው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ፈልቅቀው ወደ መረቁ መልሰው፣ በወተትና በቅቤ የለወሱትን ለስላሳ ሊጥ በማንኪያ ጣል ጣል ካደረጉበት በኋላ፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ሊጡ በእንፋሎቱ እስኪነፋ ለሩብ ሰዓት ማንም እንዳይነካው አዝዘው ወጡ። ጋሽ ቶሎ በአምስተኛው ደቂቃ ከፈቱት። እንፋሎቱ አመለጠ፣ ሊጡም ተኝቶ ሙጫ ሆነ። አማትየው ድስት መጠበቅ ያልቻለ ሰው ትዳር እንዴት ይችላል ብለው፣ ያንኑ ሙጫ እስከ ድስቱ ግርጌ አስበልተው ሰደዷቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በሚቀጥለው እሑድ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ቀብረው ሩብ ሰዓቱን ጨረሱ፤ ልጅቷም ተፈቀደችላቸው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት አርባ አንድ ዓመታት፣ እሑድ እሑድ ያው ምግብ ሲሠራ እርሳቸው ድስቱን ሲዞሩ ባለቤታቸው ጭልፋ ይዘው ሲጠብቁ፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው ሰዓት ማንበብ የተማሩት የዚያን ክዳን ሩብ ሰዓት በመቁጠር ነው። ባለቤታቸው አንድም ቀን ቀድመው ከፍተውት አያውቁም።

በታመሙ ጊዜ ሐኪሞች የቀራቸው ሦስት ወር ነው ብለዋቸው ሳለ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳይቸኩሉ ሁለት ዓመት ቆዩ። ባለፈው እሑድ ግን፣ እህል ከቀመሱ አራት ቀን ሆኗቸው ሳለ፣ ያንን የዶሮ መረቅ አማራቸው። ባለቤታቸው አልጋቸውን ወደ ወጥ ቤቱ በር አስጠግተው፣ ሊጡን ጨምረው ከደኑት። በሰባተኛው ደቂቃ የባላቸው ትንፋሽ ሲቆራረጥ ቢያዩ፣ ሳይቀምሱት እንዳያመልጧቸው ፈርተው ክዳኑን አነሡት። ጋሽ ቶሎ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እንፋሎቱ ሸተታቸውና፣ በቀጭን ድምፅ፣ ክደኚው፣ እኔ ጊዜ አለኝ፣ ምን አስቸኮለሽ አሏቸው። ባለቤታቸውም እያለቀሱም እየሳቁም መልሰው ከደኑት። ሩብ ሰዓቱ እንደ አዲስ ተቆጠረ፤ ጋሽ ቶሎም ጠበቁ። ሊጡ ጥቂት ተኝቶ ነበር፤ ከሊጡ ሦስት ማንኪያ በልተው፣ አማቴ ቢኖሩ የቀረውን አንቺን ያስበሉሽ ነበር ብለው ቀለዱ። ማክሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በእንቅልፋቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዕረፍት ስፍራ ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም መጽናናትን ይስጥልን። እኛ ተራችን ደርሶ እስክንመጣ ድረስም እርሳቸው እዚያ ይጠብቁን፤ መጠበቁን እንደሆነ ተምረውታል።