ሞተሩን አይቼ ጣሪያውን የረሳሁበት ሞተርሆም

በእኛ ጊዜ ሰው መኪና ሊገዛ ብቻውን አይሄድም ነበር። እንደ እናንተ ስልክ ላይ ፎቶ አይቶ፣ በማግስቱ ሄዶ ፈርሞ፣ የለም! የሚያውቅ ሰው ይዞ ነው የሚሄደው። አዲስ አበባም እንዲያ ነበር፣ እዚህ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ስንመጣም እንዲያው ነበር፤ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ልትገዛ አራት ሰው ይሄዳል፣ አንዱ ሞተር ያዳምጣል፣ አንዱ ጎማ በእግሩ ይመታል፣ አንዱ ይከራከራል፣ አራተኛው ምንም አያውቅም፣ ግን ካልጠራኸው ይቀየምሃል። ታዲያ እኔ ይህን ልማድ የተውኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናንተም ሞተርሆም፣ ያንን መኝታም ማብሰያም ያለውን መኪና፣ ልንገዛ ነው፣ ምከሩን ብላችሁ ስለመጣችሁ እሱን ልንገራችሁ። ዳዊት፣ ስልኩን እዚያ ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ ይቅዳ፣ ግድ የለኝም። ሄለን፣ አንቺ ደግሞ ስትስቂ ወደዚያ ዞረሽ ሳቂ፣ ድምፄን እንዳትሸፍኚው።

እኔ እንግዲህ መካኒካል ኢንጂነር ነኝ። ዲግሪው ያው ግድግዳው ላይ ነው። በየሳምንቱ መስታወቱን እወለውለዋለሁ፤ ባለቤቴ አስቴር "ሥዕለ አድኅኖውንስ ማን ይወልውለው?" ትለኛለች። እና ይሄ መካኒካል ኢንጂነር ዴንቨር መጥቶ ሃያ ሁለት ዓመት ምን ሠራ? ከኤርፖርት ፓርኪንግ ወደ ተርሚናል የሸትል አውቶቡስ ነዳ! ሻንጣ አወረደ፣ ሻንጣ ጫነ። አሜሪካን አልወቅስም፣ አሜሪካ አታውቀኝም። የምወቅሰው አንድ ሰው ነው፤ በላቸው። ሃቫና ስትሪት ላይ ጋራዥ ያለው፣ ሁሉም ሐበሻ መኪናውን የሚወስድለት በላቸው።

አገር ቤት ከእሱ ጋር አንድ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ነበርን። እኔ ዋናው ቢሮ፣ እሱ ገጠር፣ ካምፕ፣ ግሬደርና ዶዘር ጥገና። ታዲያ የጥገና ክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፈተ። በወረቀት እኔ ነኝ። ዲግሪ ያለኝ እኔ ነኝ፣ ማመልከቻውን በሁለት ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የማን ስም ተለጥፏል? የበላቸው! የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ያለው በላቸው! በዚያው ተናድጄ ነው ከአገር የወጣሁት። ሌላው ሰው በፖለቲካ ተሰደደ፣ እኔ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰደድኩ። ወደዚያ ዞረሽ ሳቂ አላልኩሽም?

እና ጥቂት ዓመት ቆይቶ እሱም መጣ። ዓለም እንዲህ ሰፊ ሆና፣ አውሮራ መጣ! እኛ ቤተክርስቲያን ነው የሚያስቀድሰው። እሱ ከፊት ከቆመ እኔ ከኋላ እቆማለሁ፣ እሱ ከኋላ ከቆመ እኔ ወደፊት እሄዳለሁ። ሰላምታችን ከአንገት ነው፣ እንዲህ፣ አያችሁ? ሃያ ዓመት እንዲህ።

አሁን ወደ ሞተርሆሙ ልምጣ። አስቴር እንግልውድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የሠራችው። ሁለታችንም ሪታየር ባደረግን ሰሞን አንድ ጠዋት ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች እንዲህ አለችኝ፣ "ስማ፣ እነዚያ የማጥባቸው አሮጊቶች ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያወሩልኝ ስለ መንገድ ነው። የዩታ ቀይ ድንጋይ፣ የኦሪገን ባሕር። እኔ ከዚህ አገር የማውቀው ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ያለውን ሃይዌይ ነው። ሐኪሙ ጉልበትሽ ሁለት ዓመት ቢያቆይሽ ነው ብሎኛል። ሳይከዳኝ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ልየው።"

"ታዲያ ሆቴል እንይዛለን" አልኳት።

"ሆቴል አልፈልግም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አንሶላ ቀይሬ፣ ሌላዋ ምስኪን የእኔን ስትቀይር ቁጭ ብዬ አላይም። ደግሞ በጾም ምን ልትበላ ነው? ቤታችንን ይዘን እንሂድ።"

እና ሞተርሆም ፍለጋ ገባን። እንግልውድ አንዱን አገኘን፣ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያለው፣ ብዙ ያልተነዳ። አስቴር "ለጋሽ በላቸው እናሳየው" አለች።

"እኔ እያለሁ?"

"አንተማ አለህ። እሱም ይኑር።"

"እኔ የተማርኩት ሞተር ነው አስቴር! ሞተር! ያ ሰውዬ እኔ ቤት ደጃፍ አይደርስም!"

 

ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን ሄድን። ባለቤቱ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፣ ደግ ሰው ይመስላል። እኔ ኮት ለብሻለሁ፣ መነጽሬን አድርጌአለሁ፣ መሣሪያዬን በቦርሳ ይዣለሁ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ካንዴላውን አንድ በአንድ ፈትቼ አየሁ፣ ኮምፕሬሽን ለካሁ፣ ዘይቱን በጣቴ አሸት አድርጌ አሸተትኩ፣ ካምቢዮው ሲገባ እንዴት እንደሚል አዳመጥኩ። ፈረንጁ "አንተ መካኒክ ነህ?" አለኝ። "ኢንጂነር" አልኩት። "ዋው" አለኝ። አያችሁ፣ በዚያች በአንዲት "ዋው" ነው የተሸጥኩት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው "ዋው" አለኝ!

አስቴር እስከዚያ ውስጥ ናት። ትንሿ ጠረጴዛ አጠገብ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ወደ ውጭ ታያለች፣ ውጭ ያለው ደግሞ የጎረቤት ጋራዥ ነው። ፊቷ ግን የበራ ነው። ገብቼ "ሞተሩ አንደኛ ነው!" አልኳት።

"ጥሩ። ግን ይሸታል።"

"ምን ይሸታል? ሎሚ ሎሚ ነው የሚለው።"

"ሎሚው ምን ሊደብቅ ተነፋ? እኔ ሃያ ዓመት የሠራሁት እኮ እንዲህ ባለ ቤት ነው። እርጥብ ነገር ከሥር አለ፣ ሽቶ ከላይ አለ።"

"አስቴር፣ የፈረንጅ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የሚሸተው" አልኳትና ወጥቼ ሰውዬውን ጨበጥኩት። ሰኞ እንጨርሳለን ተባባልን።

መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፣ ቀጥ ብላ ወደፊት እያየች "ጋሽ በላቸው ካላየው እኔ አልሳፈርበትም" አለች። "ብቻህን ዩታ ሂድና ድንጋይህን እይ።"

በማግስቱ እሁድ ነው። ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ ምን ባይ ጥሩ ነው? አስቴር በዚያ ጉልበቷ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ በሰዉ መሃል ቀጥ ብላ ወደ በላቸው! "ጋሽ በላቸው፣ እንደምን አደሩ? አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።" እኔ ጫማዬን ፈልጌ እንዳጣ ሰው አጎንብሻለሁ። ጫማዬ እግሬ ላይ ነው! እሱም ወደ እኔ አየት አደረገና "ነገ ጠዋት እደርሳለሁ" አላት።

ሰኞ እንግልውድ ደረስን። እሱ ቀድሞናል። ቱታ ለብሶ፣ አንዲት መሰላል ይዞ። መሣሪያ የለ፣ ቦርሳ የለ። እኔ ኮቴን ለብሻለሁ። ኮፈኑን ይከፍታል ብዬ ስጠብቅ አጠገቡም አልደረሰ! ጎማው ጋ ተንበረከከ፣ ጎኑን በጣቱ ጠረገ። "ጥርሱ አዲስ ነው" አልኩት ከሩቅ። "ጥርሱን ተወው። እዚህ አራት ቁጥር አለ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ዓመት ናቸው። ይሄ ጎማ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ቆሞ ነው ያረጀው። ብዙ ያልተነዳ ሞተርሆም ማለት ብዙ የቆመ ማለት ነው" አለ። ቁጥሩን እኔ አይቼዋለሁ እኮ። ዋጋ መስሎኝ!

ከዚያ በሩ ጋ መጣና ምን አደረገ? ጫማውን አወለቀ። በካልሲው ገባ። "ቤተክርስቲያን መሰለው እንዴ?" አልኳት አስቴርን፣ እንዲሰማው ጮክ ብዬ።  ከበሩ እስከ ኋላ አልጋው ድረስ ቀስ እያለ፣ እግሩን እያሳረፈ፣ እያነሳ፣ እያሳረፈ ሄደ። መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። ተረከዙን ጫን አደረገ። "እዚህ ጋ ና" አለኝ።

"ምን አለ?"

"ጫማህን አውልቅና ና።"

አወለቅሁ። ምን ላድርግ? ካልሲዬ ደግሞ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ አለው። ቆምኩበት። ወለሉ እንደ ትኩስ ዳቦ ገባ ይላል።

ከዚያ ከሹፌሩ በላይ ያለው አልጋ ላይ ወጣ፣ በጀርባው ተኛ፣ ጥጉን፣ ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበትን፣ በአውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገው። አዲስ ቀለም ተቀብቷል። አንዴ ጫን ቢለው አውራ ጣቱ እስከ አንጓው ገባ! እንጨት አይደለም፣ የረጠበ ካርቶን ነው። ፈረንጁ "ኦ ማይ ጋድ" አለ፣ እውነቱን ይሁን አይሁን እግዚአብሔር ይወቀው። በላቸው መሰላሉን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ወረደ። "በረዶ መትቶታል" አለ። "የዚህ አገር በረዶ ታውቁታላችሁ። የአየር ማስገቢያው ክዳን ተሰንጥቋል፣ በላዩ ሲሊኮን ለቅልቀውበታል። ውሃው ግን ስንት ክረምት ገብቷል። ይሄ ቤት ከውስጥ በስብሷል። መንገድ ላይ ይፈታባችኋል።"

አስቴር እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያቺን ጠረጴዛ፣ ያንን መስኮት አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ታዲያ እኔ ያኔ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? ሚስቴ ተረፈች ብዬ አመሰገንኩ? የለም! "ምነው ሞተሩ ተሰንጥቆ እኔ ባገኘሁት" ነው ያልኩት በልቤ። እንዲህ ያልኩ ኢንጂነር ነኝ።

በኋላ አስቴር ከፈረንጁ ጋር ስታወራ እኔና በላቸው መሰላሉን መኪናው ላይ እናስራለን። ከሃያ ዓመት በኋላ መጀመሪያ ጎን ለጎን የቆምነው ያኔ ነው። አፌ አመለጠኝ።

"ጣሪያውን ማየት ማን አስተማረህ?"

"ካምፕ ነዋ። ስድስት ክረምት በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ካራቫን ውስጥ ነው የኖርኩት። ሞተር ቢበላሽ ቀን ይጠገናል፤ ጣሪያ ካፈሰሰ የት ትተኛለህ?"

"በላቸው፣ ያንን ቦታ እንዴት ሰጡህ?"

"የቱን ቦታ?"

"የቱን ይለኛል! የጥገና ኃላፊነቱን! የእኔን!"

ገመዱን ማሰሩን ተወና አየኝ። የምሬን መሆኑን ሲያውቅ ደነገጠ። "እስካሁን?" አለኝ። "አንተ እሱን እስካሁን? እኔ እኮ አልጠየቅኩም። የካምፑን ሠራተኛ ጠየቁ፣ ማን ይሁንላችሁ ብለው። አንተ ስትመጣ ከላንድሮቨሩ አትወርድም ነበር። መስኮቱን ዝቅ ታደርግና 'ምን ተበላሸ?' ትለናለህ፣ ጽፈህ ትሄዳለህ።"

"ጭቃ ነበራ!"

"ጭቃ ነበር" አለኝ። ክፋት የለውም፣ እንዲያው እንደ ምስክር። "እኛም ጭቃው ውስጥ ነበርን።"

 ጫማዬን ለማየት አጎነበስኩ። ይህች ጫማዬን የማየት ነገር አለችብኝ።

አይ፣ አሁንም ቢሆን በደል በደል ነው! ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት በሠራተኛ ወሬ ኃላፊ አይሾምም፤ ደብዳቤ ልጽፍ ያሰብኩበት ጊዜም አለ፣ ለማን እንደምጽፈው ጠፍቶኝ እንጂ። ግን ከዚያ በኋላ አራት ቅዳሜ አብሮን ዞረ፣ ሦስቱን ጣለ፣ አራተኛውን ገዛን። ቀለሙ የለቀቀ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ሲታይ የሚያሳፍር። "ደረቅ ነው" አለ በላቸው፣ "ደረቅ ከሆነ ሌላው ይሠራል።" እና አስቴር ዩታን አየች። ኦሪገን ባሕሩ ፊት ለፊት አቁመን፣ ሽሮዋን ሠርታ፣ መስኮቷ ጋ ተቀምጣ ሦስት ቀን አልተነሳችም። "እንሂድ?" ስላት "ዝም በል፣ እያየሁ ነው" ትለኛለች። ጉልበቷ ሳይከዳት ሁለት በጋ ሄድን። አሁን ደረጃ አትወጣም፣ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ እኔን አትጠይቁኝ። ጫማችሁን አውልቁና ወለሉን እርገጡ፣ ጥጉን በአውራ ጣት ጫን በሉ፣ ሎሚ ከሸተታችሁ ውጡ። ሴት ይሸታል ካለች ይሸታል። ከዚያ በላቸው ጋ ውሰዱት። እኔ እንደላክኋችሁ ግን አትንገሩት፣ እንዳይኮራብኝ።

ሄለን፦ ጋሼ... እሳቸው ጋ እኮ ትናንት ወስደነው ነበር።

ምን?

ሄለን፦ ጣሪያውንም ወለሉንም አይተውታል፣ ደረቅ ነው አሉን። "ሞተሩን ግን እኔ ብቻ አይቼው አትግዙ። ሞተር እሱ ነው የሚያውቀው፣ ከቢሮም ከካምፕም እንደሱ ያለ አልነበረም። ለምኑት፣ ይውጣላችሁ" ብለው ነው ወደ እርስዎ የላኩን።

እንዲህ አለ? በላቸው? ... ከካምፕም አለ? ... ዳዊት፣ ያንን ስልክ ዝጋው። ዝጋው አልኩህ። አስቴር! ቱታ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አለ?