ማንም እጁን ያላነሳበት ሥልጠና

ባለፈው ማክሰኞ የተፈጸመውን በደል የሰማሁት ከአብነት ወደ ልደታ በሚጓዝ ታክሲ ውስጥ፣ የሕንጻዎችን የኃይል ፍጆታ ከሚቆጣጠሩ ሁለት ባልደረቦች ነው፤ ከፊቴ ተቀምጠዋል።

«የሰጠኋችሁን ሥልጠና በጨለማ አስጨረሳችሁኝ» አለች ሴቲቱ።

«እኛ ምን አደረግን? መብራቱን ያጠፋው ሴንሰሩ ነው» አለ ወንዱ።

«ሴንሰሩ የሚያጠፋው የሚንቀሳቀስ ሰው ሲያጣ ነው። ያ ሁሉ መሐንዲስ ተቀምጦ ክፍሉ ባዶ መሰለው።»

«አንቺ ከፊት ትንጎራደጂ አልነበር እንዴ?»

«እሱ የሚያየው ወንበሮቹን ነው። ተኝታችሁ ነበር?»

«ኧረ በማርያም! ያልገባን ነገር ነበር። ግን አለቃችን ከኋላ ተቀምጦ ማን እጁን ያነሳል?»

«አንድ እጅ ቢነሳ እኮ መብራቱ አይጠፋም ነበር።»

«እሱስ ልክ ነሽ። አለቃችን ምን አለሽ?»

«ሰኞ ድገሚው፤ አሁንም ከጨለመ ሌላ አሠልጣኝ እተካለሁ አለኝ።»

«እሱም እኮ ንቅንቅ አላለም፤ ለካ እሱም አልገባውም።»

ተያይዘው ሳቁ።

«በል አንተ ቀልደኛ፣ ሳንወርድ ንገረኝ» አለች። «ያልገባህ የትኛው ክፍል ነው?»

ልደታ ፍርድ ቤት ጋ መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» አላልኩም።