ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር

ጠዋት መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲያችን የትራፊክ መብራት ላይ ቆመ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ወጣትና አንድ አዛውንት ያወራሉ።

«በየወሩ ለጡረታ እያሉ ይቆርጡብኛል። ዛሬውኑ በእጄ ቢሰጡኝ አይሻልም፣ አባባ?»

«ሥራ ላይ እያለሁ እኔም እንደዛ እል ነበር፣ ልጄ።»

«አሁንስ ምን ቢያደርጉልዎት ደስ ይልዎታል? ሕክምና?»

«ሕክምናውም ባልከፋ። ግን አጠገባችን የቆመውን ሰርቪስ አየሽው?»

«ሠራተኛ የሚያመላልሰውን?»

«የኔ መሥሪያ ቤት ነው። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር የኔ ነበር። ጠዋት ጠዋት እንድሳፈር ቢፈቅዱልኝ ሌላ አልጠይቅም።»

«ተሳፍረው የት ሊሄዱ?»

«መሥሪያ ቤት።»

«ምን ሊሠሩ?»

«ምንም። ቤት መቀመጥ አቃተኝ!»

«ታዲያ አሁን ወዴት እየሄዱ ነው?»

«ሰርቪሱ ወደሚሄድበት ነዋ።»

አዛውንቱ ዞር ካሉ እንዳያዩት የመሥሪያ ቤቴን ባጅ ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።