የቸሩ ቦምባ

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ቸሩ ወልደየሱስ
ዕድሜ፦ 52 ዓመት
ሥራ፦ የታክሲ ሾፌር
አድራሻ፦ አሰብ ከተማ፣ ከወደብ ሠራተኞች ቤቶች ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኔ 19 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የበይሉል ዓሣ አጥማጅ የሆነው ያዮ ዓብዱልጀሊል በጀልባ ቦምብ አስገብቷል ስለመባሉ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ውብሸት አበጀ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ ወደ ጣቢያው መጥቼ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። እሑድም ትናንትም መጥቼ ከበር ተመልሻለሁ።

ያዮን ዓሣውን በታክሲዬ ወደ ገበያ ሳደርስለት ዓመታት ስላለፉ በደንብ አውቀዋለሁ። ወዳጄ ነው፤ እወደዋለሁም። ቦምብ አላመጣም። ያመጣው የታክሲዬን ዕቃ ነው።

ታክሲዬ ሰማያዊ፣ ፍሪሲዮን የሌላት፣ ማርሿን ራሷ የምትቀያይር አሮጌ መኪና ናት። በሚያዝያ ወር ከወደቡ በር ሰው ጭኜ ስነሳ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች። ነዳጅ ስሰጣት ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሱት ሰው ቆይታ ቆይታ ትነቃነቃለች። ተሳፋሪዎቹ ወርደው በእግራቸው ሄዱ። የካምቢዮውን ዘይት በጣቴ ነክቼ ባሸተው ተቃጥሏል፤ የብረት ብናኝም አለበት። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ዘይት የሚሞላበት፣ ድፍን፣ ክብ ብረት አለ። የሞተሩን ጉልበት በዘይት ግፊት ወደ ካምቢዮው የሚያሳልፈው እሱ ነው፤ የሞተውም እሱ ነበር። ጋራዥ ለማስገባትም ሆነ አዲስ ለማስመጣት አቅሙ ስለሌለኝ ጓሮዬ ውስጥ ራሴ ልቀይረው ወሰንኩ።

የዚህን ዕቃ ስም አላውቅም። ዘይት የሚገፋ ነገር ስለሆነ ቦምባ አልኩት። በአሰብ የውሃ መሳቢያውንም ቧንቧውንም ቦምባ የሚል ሰው ሞልቷል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ይህ ይያዝልኝ።

ክሪክ ያለኝ አንድ ብቻ ስለሆነ መኪናዋን በተራ በተራ ከፍ እያደረግሁ ከስሯ የቴምር ግንድ ደረደርኩ። ካምቢዮው ከባድ ነው፤ ከወደቀ ይሰበራል፣ እኔንም ይጨፈልቀኛል። ስለዚህ የቤታችንን ፍራሽ አውጥቼ ከስሩ አነጠፍኩና በገመድ ቀስ አድርጌ አወረድኩት። ባለቤቴ ይርጋለም ይህን አይታ፣ «እሷን ፍራሽ ላይ፣ እኔን ሰሌን ላይ! ሠርጋችሁ መቼ ነው?» ብላኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንተኛው ሰሌን ላይ ነው።

ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ከመኪናዋ ስር እርጥብ ጆንያ አንጥፌ እጋደማለሁ። ከዚያ ሆኖ ሲታይ ባሕሩና ሰማዩ አይለዩም፤ መርከቦቹ አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ፤ ነፋሱም ጨው ጨው ይላል። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ ሳላውቀው፣ መኪናዋ ያለ ምንም ድምፅ በውሃው ላይ ስትሄድ፣ እኔም መሪዋን ይዤ ብቻዬን ስስቅ አያለሁ። ሃምሳ አለቃው ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ቢሉኝም፣ ሰው ለአንድ ብረት ያን ያህል ለምን እንደለፋ ያስረዳል ብዬ ስለለመንኳቸው ተጽፎልኛል።

በግንቦት ወር ያዮ ችግሬን ሲሰማ፣ «የመኪናህ እህት እኛ ጋ አለች፤ ፍየል ይተኛባታል» አለኝ። በጀልባው ይዞኝ በይሉል ሄድን። እውነትም ቁርጥ እንደኔዋ ያለች መኪና ከባሕሩ ዳር ቆማለች፤ ጎማ የላትም፣ ቀለሟን ጨው በልቶታል። የአጎቱ የሐንፈሬ ንብረት ናት፤ ሐንፈሬም ዕቃውን እንድወስድ ፈቅዶልኛል። እዚያ ክሪክ አላስፈለገንም። መኪናዋን በማንሳት ፈንታ ያዮ ከስሯ ያለውን አሸዋ ቆፈረልኝና ጉድጓዱ ውስጥ በጀርባችን ተኝተን ብሎኖቹን ፈታን። ፍየሎቹ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ያዩናል። ብረቱ ሲወጣ ያዮ እንደ ሕፃን ታቀፈውና፣ «ስሙ ማነው?» አለኝ። «ቦምባ» አልኩት። ቃሉ አፉ ላይ ጣፈጠው መሰለኝ፣ ለሐንፈሬም ለፍየሎቹም እየደጋገመ ነገራቸው። ውስጡ በነጭ ጋዝ እየታጠበ ለቀናት መንጠፍጠፍ ስለነበረበት፣ ሲደርቅ በጀልባው ሊያመጣልኝ ተስማምተን እኔ ወደ አሰብ ተመለስኩ።

ያዮ ባለፈው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ደረሰ። ራቅ ብዬ ቆሜ እጠብቀው ስለነበር ያየሁትን እናገራለሁ። ብረቱን በጆንያ ጠቅልሎ በትከሻው ይዞ ሲወርድ፣ ከሁለቱ የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች አንዱ ምን እንደያዘ ጠየቀው። ያዮም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ቦምባ! የቸሩ ቦምባ ነው!» አለ። ጠባቂዎቹ አሸዋው ላይ በደረታቸው ተኙ። ያዮ ጨዋታ መስሎት እየሳቀ አብሯቸው ተኛ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ ያዮ ታሰረ፣ ብረቱም ተወሰደ። የመኪና ዕቃ ነው እያልኩ ብሮጥም በሰደፍ ገፍተው መለሱኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመኪናዋ ስር ሆኜ፣ ያዮ ይለቀቃል በሚል ተስፋ ብሎኖቼን ሳጸዳ፣ ከጨው ማምረቻው ማዶ ትልቅ ፍንዳታ ተሰማ። አቧራው ቀላ ብሎ ወጣና ሜዳው ላይ ቀስ ብሎ ተበተነ። ምን እንደሆነ እስኪነገረኝ ድረስ ውብ ነገር ነበር። ያፈነዱት ያንኑ ብረት መሆኑ ሲነገረኝ አለቀስኩ።

ቦምብ ካልሆነ እንዴት ሊፈነዳ ቻለ ተብዬ ስጠየቅ፣ የፈነዳው የጸጥታ ሰዎቹ ከስሩ ያስቀመጡት ፈንጂ ነው፤ የይርጋለምን ድስት ቢያስቀምጡበትም ይፈነዳ ነበር ብዬ መልሻለሁ። የተበላሸው አሮጌው ቦምባ ጓሮዬ ስላለ አምጥቼ ላሳይ ብልም፣ ወደ ጣቢያው እንዳላስጠጋው ታዝዣለሁ።

ያዮ ሰጠ የተባለው ቃል ተነቦልኛል። «ቦምብ ማምጣቴን አምናለሁ» ይላል፤ ከስሩም የጣቱ አሻራ አለ። ያዮ ያለው ቦምባ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ስለማያነብ ምን እንደተጻፈበት አላወቀም። በዚህ አሻራ ምክንያት ነገ ወደ አስመራ እንደሚላክ ሰምቻለሁ። አንዴ ከሄደ የት እንደደረሰ የሚነግረን አይኖርም፤ ይህ ያስፈራኛል። ሃምሳ አለቃውን «ብ» የምትለዋን ፊደል «ባ» እንዲያደርጉለት ለመንኳቸው። አሻራ ያረፈበት ቃል አይነካም አሉኝ። እንግዲያው በእኔ ቃል ላይ ይጻፍ አልኩ። ቦምባ የሚለውን ቃል ያወጣሁት እኔ፣ ያስተማርኩት እኔ፣ ዕቃውን አምጣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሃምሳ አለቃው እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው፣ «ጋሽ ቸሩ፣ ይህን ከጻፍኩት ምስክርነትዎ ቀርቶ ተጠርጣሪ ነው የሚሆኑት። ገብቶዎታል?» አሉኝ። ገብቶኛል፤ ይጻፍ ብያለሁ።

ከላይ የተናገርኩት ያየሁትንና የሠራሁትን ብቻ ነው። ተነቦልኝ የራሴ ቃል ሆኖ ስላገኘሁት፣ የሚያስከትልብኝንም አውቄ፣ ሳልገደድ ፈርሜአለሁ።

ቸሩ ወልደየሱስ (ፊርማ)
ሃምሳ አለቃ ውብሸት አበጀ (ፊርማ)

የመርማሪው የሃምሳ አለቃ ውብሸት ማስታወሻ፦ ቸሩ ወልደየሱስ ከፈረመ በኋላ በቁጥጥር ስር ውሎ ያዮ ዓብዱልጀሊል ወዳለበት ክፍል ገብቷል። የሁለቱ ቃል ተያይዞ እስኪመረመር የነገው ጉዞ እንዲዘገይ ለበላይ አካል በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ እስካሁን መልስ አልመጣም። ከቀኑ 9 ሰዓት ውሃ ይዤላቸው ገባሁ። ያዮ ረመዳን ስለሆነ እንደማይጠጣ ገለጸ። ቸሩ ጾመኛ አለመሆኑን አስረድቶ ጣሳውን ከተቀበለኝ በኋላ መሬት ላይ አኑሮ፣ ፀሐይ እስክትገባ አብሬው እጠብቃለሁ ብሏል።