ሁሉም የሚጫኑት ፎቶ

ከፔዳ ወደ ሐይቁ ዳር በሚሄደው ታክሲ፣ አንድ የዘጌ ባለጀልባና ድረ ገጽ የሠራችላቸው የእህታቸው ልጅ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር።

«ጎብኚው አንድ ገጽ ብቻ አይቶ ይወጣል አላልሽም? ጀልባዬ ቆማ ልትበሰብስ ነው።»

«ሰዎች የት የት እንደሚጫኑ መዝገቡን አየሁት፣ አጎቴ። ሁሉም የሚጫኑት የእርስዎን ፎቶ ነው።»

«የትኛውን?»

«የሚስቁበትን።»

«ጥርሴ የጎደለበትን?»

«አዎ፣ እሱን። ሲጫኑት ምንም ስለማይከፈት ጥለው ይሄዳሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሲጫኑት የጀልባው ጉዞ ገጽ እንዲከፈት አደርገዋለሁ። ከዚያ ወደ ሌሎቹም ያልፋሉ።»

«እንግዲያው ጥርሴን አስተክዬ አዲስ ፎቶ ልነሳ።»

«ኧረ እንዳይነኩት።»

እኔም ስልኬን አውጥቼ፣ ባለፈው ወር የቀበርነው ወንድሜ የሚስቅበትን ፎቶ በጣቴ ተጫንሁት፤ ምንም አልተከፈተም።