ያልተከፈቱት ፖስታዎች

ጠዋት በኮልፋክስ ጎዳና በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ አጠገቡ ላሉት ሴትዮ በአማርኛ ያወራላቸዋል።

«ሚስቴ እህቷ ቤት ሄዳ ፍርድ ቤት ፍቺ ፋይል አደረገች፣ እትዬ ሮማን። ምን ብላ? አልመታኋት፣ አልጠጣሁ!»

«እዚህ አገር ምክንያት ማን ይጠይቃል? ትዳሬ አይጠገንም ካለች በቃ።»

«እኔ ካልፈረምኩስ?»

«ዳኛው ያለ አንተ ያፈርሰዋል። ወረቀት አልደረሰህም? ምን ይላል?»

«አልከፈትኩትም። ለሽማግሌዎቹ ሰጠሁ።»

«የፍርድ ቤት ወረቀት? ለሽማግሌ?»

«ነገሩን ይዘውታል እኮ! ከዚያ ወዲህ የመጡትንም ሰጥቻቸዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ እናስታርቃችኋለን ብለዋል።»

«አንተ ሰው፣ ዳኛ ፋሲካ ይጠብቃል? መልስ የምትሰጥበት ቀን እኮ ተቆርጦ ነው የሚመጣው! አሁኑኑ ደውል!»

ደወለ፤ ስፒከር ላይ አደረገው።

«ጋሼ፣ እነዚያን ፖስታዎች ይክፈቱልኝ እስቲ።»

«ሽምግልናው ሳያልቅ?»

«ግድ የለም፣ ይክፈቱት። የመጨረሻውን።»

ፖስታው ሲቀደድ ለእኔም ተሰማ። ሽማግሌው አንብበው፣

«ልጄ...» አሉ።

«ቀጠሮዬ መቼ ነው ይላል?»

«ቀጠሮ አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ተፋታችኋል ነው የሚለው።»

መውረጃዬ ፒዮሪያ ነበር፤ ለመውረድ የሚሳበውን ገመድ እንደያዝኩ ሳልስበው አለፍኩት።